ቤተ ሙከራችንን «ምርጥ ተሞክሮ» ብለው ለቆለፉልን ክቡር ኃላፊ

ለተከበሩ የትምህርት ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ ሁሉ ደኅና ነው ወይ? ወንበርዎስ አልጎረበጠዎትም? የማኅተምዎ ቀለምስ በዚህ ደረቅ ነፋስ አልደረቀብዎትም? ባለፈው ሰሞን ከደባርቅ ሲመለሱ መኪናዎ በትምህርት ቤታችን በር ላይ ሳትቆም ስታልፍ አይቻት፣ በመልካም ጤንነት ላይ መሆንዎን ከአቧራው ተረድቼ አላህን አመስግኛለሁ። ብርዱ ከተራራው ወርዶ አጥንት ድረስ እየገባ ስለሆነ ጋቢዎን ደረብ ማድረግ አይዘንጉ፤ እርስዎ የታመሙ እንደሆነ እኛን እንዲህ አድርጎ የሚያስብልን ሰው ከየት እናመጣለን?

እኔ ዚነት ሸሀቡ እባላለሁ። በዳባትና በደባርቅ መካከል፣ መንገድ ዳር ባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። ስሜን ባያስታውሱት አልቀየምም፤ አምና በክብር የሰጡኝ የእውቅና ምስክር ወረቀት ላይ የተጻፈው «ለመምህር ዘነበ ሽብሩ» ተብሎ ነው። እኚህ መምህር ዘነበ የት እንደሚገኙ ባውቅ ወረቀቱን ወስጄ እጃቸው ላይ አስቀምጬ፣ እግረ መንገዴንም ሥራዬን ባስረከብኳቸው ደስታዬ ነበር።

ይህን ደብዳቤ ግልጽ ያደረግሁት በድፍረት እንዳይመስልብኝ። እስከ ዛሬ አሽጌ የላክኋቸው ሁሉ ጽሕፈት ቤትዎ በደኅና ገብተው፣ እንደታሸጉ በደኅና አርፈዋል። ሳይታሸግ የመጣውን ምናልባት አንድ ሰው ዓይኑ ያርፍበት ይሆናል ብዬ ነው። ምስጋናዬም እንዳይዘበራረቅ በቁጥር አስቀምጠዋለሁ።

አንደኛ፦ ስለላኩልን መመሪያ አመሰግናለሁ። «የሳይንስ ትምህርት በተግባር ተደግፎ፣ በአካባቢ በሚገኙ ቁሳቁሶች ይሰጥ» የሚለው ያ ወረቀት ሲደርሰን፣ ባልደረቦቼ እንደ ጨዋ ሠራተኛ አንብበው፣ ፈርመው ወደየክፍላቸው ሄዱ። እኔ ግን፣ ጉድ በሉኝ፣ አመንኩት።

በግቢያችን ውስጥ በሩ ላይ «ቤተ ሙከራ» የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ውስጡ ግን እግራቸው የወለቀ ዴስኮች እስከ ጣሪያ የተከመሩበት አንድ ክፍል ነበር። ከተማሪዎቼ ጋር ዴስኮቹን አወጣን፣ የአይጡን መንደር አፈረስን፣ ግድግዳውን በነጭ አፈር ለቀለቅን። ከጤና ጣቢያው ባዶ ብልቃጥ ለመንን። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ እየሰበርን መሃሉ ያለውን ጥቁር ዘንግ አወጣን። ከጠጅ ቤት አንገታቸው የተሸረፈ ብርሌዎች ተሰጡንና መጽሐፉ ላይ ከተሳለው ፍላስክ ጋር ቁርጥ አንድ ሆኑ። ለእሳት ኩራዝ፣ ለአሲድ ሎሚ፣ ለቤዝ የአመድ ውሃ። ባለቤቴ ከመተማ የሚያስመጣውን ከርከዴ፣ ያን እንደ ሻይ የሚጠጣውን ቀይ አበባ፣ ዘፍዝፌ አመጣሁና ሎሚ ውስጥ ስንጨምረው እሳት የመሰለ ቀይ፣ የአመድ ውሃ ውስጥ ስንጨምረው አረንጓዴ ሲሆን፣ ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። ርእሰ መምህራችን አቶ ልደቱ እባብ የገባብን መስሏቸው ዱላ ይዘው ሮጠው መጡ።

ያርጋል የሚባለው ተማሪዬ ደግሞ የእናቱን የወይዘሮ ፋንታዬን የአረቄ ማውጫ እንስራ ከነመቃው ተሸክሞ ከተፍ አለ። ጭቃ ውሃ ሞልተን አፈላነው፤ በመቃው በኩል ኩልል ያለ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ያርጋል አፉን ከፍቶ ቀረና «ቲቸር፣ እኛ ጓዳ ያለው ነገር የእንግሊዝኛ ስም አለው እንዴ?» አለኝ። አለው አልኩት፤ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩለት፤ ከዚያ ቀን በኋላ አልረሳውም። በማግሥቱ ገበያው ላይ «ሙስሊሟ መምህርት ትምህርት ቤት ውስጥ አረቄ ማውጣት ጀመረች» ተባለ። ወሬው እኔ ቤቴ ሳልደርስ ጎንደር ገብቶ እዚያ የሚኖሩት አማቴ ደውለው «ልጄ፣ ምን ነካሽ?» አሉኝ። ሳቅኩ። ያን ሰሞን፣ ክቡር ሆይ፣ ሁሉም ነገር ያስቀኝ ነበር። መምህርት መሆኔን የወደድኩበት ጊዜ ቢኖር ያ ነው፤ አልደብቅዎትም፣ ከዚያ ወዲህ አልደገመኝም።

ሁለተኛ፦ ስለ ጉብኝትዎ አመሰግናለሁ። ወሬው ደርሶዎት ከነባልደረቦችዎ መጡ፤ ፎቶ ተነሡ፤ ብርሌውን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩ፤ ኩራዙን አሸተቱ፤ ከዚያም ያቺን ቃል ተናገሩ። «ይኼ ምርጥ ተሞክሮ ነው! ሳይነካ ሳይበላሽ ተቀምሮ ለሌሎች መስፋፋት አለበት» አሉ። እኛም አጨበጨብን። በዚያው ዕለት ከሰዓት በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠለጠለ፤ አንዱ መክፈቻ ለአቶ ልደቱ፣ ሌላው ለእርስዎ ጽሕፈት ቤት ሆነ። ልዑካን ሲመጡ ብቻ እንዲከፈትም ታዘዘ።

የአማርኛ መምህርት አይደለሁም፤ ቢሆንም ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ሳሰላስል እውላለሁ። «ሙከራ» እና «ተሞክሮ» የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ነገር ግን ሙከራ ገና የሚሞከር ነው፣ ተሞክሮ ግን አንዴ ተሞክሮ ያለቀለት። እርስዎ በአንድ ጉብኝት ቤተ ሙከራችንን ቤተ ተሞክሮ አደረጉልን። ከእንግዲህ እዚያ ውስጥ ማንም ምንም አይሞክርም፤ ተሞክሯላ! እንዲህ ያለውን ኬሚስትሪ እኔ አላውቀውም፣ ዩኒቨርሲቲም አላስተማረኝም።

አንድ ጊዜ ለአንዲት ክፍለ ጊዜ ብቻ በሩን ይክፈቱልኝ ብዬ አቶ ልደቱን ለምኜ ነበር። ደግ ሰው ናቸው፣ አንገታቸውን ደፉ። «የኔ እህት፣ ቁልፉ እኔ ኪስ ነው፤ ሥልጣኑ ግን ላይ ነው» አሉኝ። ደግሞም ንብረቱ እንዳይጠፋ በማሰብ ብልቃጡም፣ ብርሌውም፣ የወይዘሮ ፋንታዬም እንስራ አንድ ባንድ ተቆጥሮ የመንግሥት ንብረት ተብሎ በእኔ ስም ተመዘገበ። ወይዘሮ ፋንታዬ «እንስራዬን መልሱልኝ» ቢሉ «የመንግሥት ነው» ተባሉ። አሁን መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታዬን የሚመልሱልኝ በአገጫቸው ብቻ ነው። እኔ እሳቸውን ብሆን እሱንም አልመልስም ነበር።

ሦስተኛ፦ ስለላኩልን እንግዶች አመሰግናለሁ። ልዑካን በመጡ ቁጥር ተማሪዎቼ ግቢውን ይጠርጋሉ፣ የክፍሉን መስኮት ከውጭ ይወለውላሉ፣ ተሰልፈው ያጨበጭባሉ፤ ከዚያ በሩ ይከፈትና እንግዶቹ ይገባሉ፣ ተማሪዎቹ ውጭ ይቀራሉ። እኔ ኩራዜን ለኩሼ፣ ኬሚስትሪ ለማይፈተን ሰው ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። በአንዱ ጊዜ፣ ከየት እንደመጡ መናገር ነውር ስለሆነ ልተወው፣ የቡድኑ መሪ ለማሳያ ያዘጋጀሁትን የከርከዴ ውሃ ከብርሌው ቀድተው ጭልጥ አደረጉና «ስኳር አንሷታል እንጂ ለደም ግፊት ፍቱን ናት» ብለው መረቁኝ። ምን ልበል? አሜን አልኩ። ማሳያው ተጠጥቶ ስላለቀ የዕለቱ ጉብኝት በዚሁ ተጠናቀቀ። ሪፖርቱ ላይ ግን «በተግባር የተደገፈ ማብራሪያ ተሰጥቷል» ተብሎ ሰፍሯል።

መስከረም የምትባል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ አለችኝ። ከጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን ማዶ ስንቋን ተሸክማ መጥታ፣ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ናት። በፈተና ላይ «የከርከዴ ውሃ አሲድ ሲጨመርበት ምን ይሆናል?» ብዬ ብጠይቅ፣ «እኔ መስኮቱ ጋ ነበርኩ፤ የእንግዶቹ ጀርባ ስለከለለኝ አላየሁም» ብላ መለሰች። ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት። ሰው ያላየውን አላየሁም ብሎ መጻፉ የሳይንስ መጀመሪያ ነው ብዬ ነው፤ ዘንድሮ ብሔራዊ ፈተናውን የሚያርሙት ግን እንደኔ የሚያስቡ አይመስለኝም።

አራተኛ፦ እዚህ ላይ ብዕሬ ወረቀቱን ቢቀድ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ንዴት ነው። ባለቤቴ አነስ ይባላል፤ ጎንደር ሱቅ አለው። ልጃችን ሱልጣና አራት ዓመቷ ነው። እዚህ እኔ ዘንድ ሳለች የደጋው ብርድ ለደረቷ አልስማማ ብሎ ትንፋሽ እያጠራት ሲያስቸግረን፣ ሐኪሙ «ይቺን ልጅ ከዚህ ብርድ አውጫት» ስላለኝ ጎንደር ከአያቷ ዘንድ ታድጋለች። መንገዱ ሰላም ሲሆን ሄጄ አያታለሁ፤ መንገድ ሲዘጋ ድምፅዋን እሰማለሁ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ፎቶዋን አያለሁ። ልጄ ያለ እኔ እያደገች ነው፤ በሄድኩ ቁጥር ያመጣሁላት ጫማ ይጠባታል።

በየዓመቱ ዝውውር እጠይቃለሁ። በየዓመቱም ጽሕፈት ቤትዎ፣ ምስጋና ይግባውና፣ መልስ አያሳጣኝም፦ «መምህርቷ ባለ ተሞክሮ በመሆናቸው ከቦታቸው ቢነሡ ተሞክሮው ስለሚሞት ጥያቄያቸው ተቀባይነት አላገኘም»። ያን መመሪያ አንብበው፣ ፈርመው ወደየክፍላቸው የሄዱት ባልደረቦቼ ሁሉ ተዛውረዋል። እሰየው፣ ይገባቸዋል፤ ምንም ስላልሠሩ ቢነሡ የሚሞት ነገር አልነበራቸውም። እኔ ግን መታዘዜ ራሱ እግር ብረት ሆነብኝ። ባለፈው ሱልጣና በስልክ «እማ፣ ለምን አትመጪም?» አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? «በሩ ተቆልፎብኝ ነው» አልኳት። እሷም «ጮኸሽ ጥሪያቸዋ!» አለችኝ። ይኸው፣ እየጮህኩ ነው።

አምስተኛ ነው ስድስተኛ፣ ቁጥሩ ጠፋኝ፦ ስለ መኪናው አመሰግናለሁ። ከወር በፊት ተሞክሮአችን ጎንደር በሚዘጋጀው ኤግዚቢሽን ላይ እንዲታይ ተወስኖ መኪና ተላከ። ክፍሉ ተከፍቶ ሁሉም ነገር እየተጠቀለለ ሲጫን ሳይ፣ ባለ ተሞክሮዋ እኔ ነኝና ማብራሪያ ለመስጠት መሄዴ አይቀርም ብዬ ቤቴ ሮጬ፣ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ፣ የልጄን ሹራብ ከላይ ጠቅጥቄ መጣሁ። ሹፌሩ አዝኖ «እትዬ፣ ቦታ የለም» አለኝ። ጋቢናውን ብመለከት እንስራዋ ተቀምጣለች። እንዳትሰበር በብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ ቀበቶም ታስሮላታል። አልተመቀኘኋትም ብል ዋሸሁ፤ ተመቅኝቻታለሁ። መኪናዋ ከሰዓታት በኋላ ልጄ ከምትኖርበት ሰፈር ግርጌ ባለው አስፋልት አልፋ ወደ ኤግዚቢሽኑ አዳራሽ እንደገባች አነስ በስልክ ነገረኝ። እኔ በየዓመቱ ለምኜ ያጣሁትን ዝውውር እንስራ በአንድ ፊርማ አገኘች። እንኳን ደስ ያላት!

እኔም፣ ተስፋ መቼም አያልቅምና፣ «ክፍሉ ባዶ ሆኗል፤ እዚህ የሚሞት ተሞክሮ የለም፤ እንግዲህ ልሂድ» ብዬ እንደገና አመለከትኩ። መልሱ በፍጥነት መጣ፤ እንዲህ ያለ ፍጥነት ከጽሕፈት ቤትዎ አይቼ አላውቅም። «መምህርቷ ቀደም ሲል ያሳዩትን ትጋት በማጠናከር ሁለተኛ ምርጥ ተሞክሮ እንዲፈጥሩ በዚያው ይቆዩ» ይላል። አነበብኩት፣ ደገምኩት፣ ባዶው ክፍል ውስጥ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በማግሥቱ ጠዋት ክፍል ስገባ ሰሌዳው ላይ «ቲቸር፣ እንስራ!» ተብሎ ተጽፏል። ያርጋል የእናቱን እንስራ እየጠየቀኝ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ ልጁ «ሌላ ሙከራ እንሥራ» ማለቱ ነው። ብልቃጥም አግኝቻለሁ ብሎ ከቦርሳው አወጣ። እኔም፣ በሰባት የመምህርነት ዓመቶቼ አድርጌው የማላውቀውን አደረግሁ፤ እንሞክር ያለኝን ልጅ መለስኩ። ሰሌዳውን አጥፍቼ «መጽሐፋችሁን ግለጡ» አልኩ። ብንሠራ ይቆለፋላ! ብልቃጡን መልሶ ቦርሳው ውስጥ ሲከት ያየሁትን ፊቱን እርስዎም አንድ ቀን እንዲያዩት እመኛለሁ።

እንግዲያው ሥራዬን ልልቀቅ አልኩ። ወርቄ የምትባለው የንብረት ክፍላችን ሠራተኛ፣ ምስኪን፣ እሷ ምን ታድርግ፣ «እትዬ ዚነት፣ በስምሽ ያለውን ዕቃ ሳትመልሺ ክሊራንስ አልሰጥሽም፤ ያለ ክሊራንስ ደግሞ መልቀቂያ የለም» አለችኝ። ዕቃው ያለው ጎንደር ነው አልኳት። «አምጪዋ» አለች። አዳራሹ ደወልኩ፤ «ይህ የቢሮ ንብረት ነው፣ ለግለሰብ አንሰጥም» አሉኝ። እንግዲህ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎትና ይፍረዱኝ፦ እንዳላስተምር ዕቃ የለኝም፣ እንዳልሄድ ዕቃ አለብኝ። ሴት ልጅ በእስር ቤት እንኳን እንዲህ አትታሰርም፤ እዚያ ቢያንስ የመፈቻ ቀን ይነገራታል።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ ብዙ አስቤበት የመጣሁበት ጥያቄ አጭርና ለመፈጸም ቀላል ነው። ዝውውሩም ይቅርብኝ፣ መልቀቂያውም ይቅርብኝ፤ እኔንም ንብረት ብላችሁ መዝግቡኝ። መግለጫውን አዘጋጅቼላችኋለሁ። ዓይነት፦ መምህርት። ብዛት፦ አንድ። ሁኔታ፦ ያገለገለች፣ ነገር ግን የምትሠራ። የተሠራችበት፦ በአካባቢ ከሚገኝ ቁሳቁስ። እንዲህ አድርጋችሁ ወደ አዳራሹ ላኩኝ። ጋቢና አልጠይቅም፤ ከኋላ በጭነቱ ላይ ቢያስቀምጡኝ ይበቃኛል። መደርደሪያው ላይ ከብርሌው አጠገብ ዝም ብዬ እቆማለሁ፤ ልዑካን ቢመጡም ፈገግ እላለሁ። ያን ጊዜ ተሞክሮው አይሞትም፣ የወርቄም ቆጠራ አይጎድልም፣ እኔም ሰው ሆኜ ያጣሁትን ጎንደር ዕቃ ሆኜ አገኘዋለሁ።

ረጅም ዕድሜ፣ የማይነቃነቅ ወንበርና መልካም ጉብኝት እየተመኘሁ፣ ለመታዘዝ የተፈጠረች፣ በመታዘዟም የተቆለፈባት፣

ዚነት ሸሀቡ
የኬሚስትሪ መምህርት

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤታችን የማስታወቂያ ሰሌዳ፤
ለወይዘሮ ፋንታዬ፣ ከታላቅ ይቅርታ ጋር።

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ሳጥፍ አማቴ ከጎንደር ደወሉ። ሱልጣናን «የእናትሽን ሥራ ላሳይሽ» ብለው ወደ አዳራሹ ወስደዋት ኖሮ፣ ዘበኛው «ሕፃን ያለ ወላጅ አይገባም» ብሎ ከበር መልሷቸዋል። ዘበኛውን እንዳትቀጡብኝ፤ መመሪያ ያከበረ ሰው ምን እንደሚገጥመው ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እኔን ወደ መደርደሪያው ለማዛወር እንዲፈጥኑልኝ ብቻ ነው የምለምንዎ። ከዚያ በኋላ ልጄ በር ላይ መጥታ ወላጅሽ የታለች ብትባል፣ ውስጥ ናት፣ የመንግሥት ንብረት ናት ብላ ትገባለች።